ከጣና ዳር የገዛሁት አማሪሊስ

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካሉት ችግኝ ሻጮች ከአንዷ አማሪሊስ የሚባል አበባ ከነሸክላው ገዛሁ። ሳሎን ውስጥ 4 ቀያይ አበቦች አወጣ፣ ቤቱ ደመቀ። ሲረግፍ ልጥለው ነበር። ደውዬ ስጠይቃት «ኧረ የኔ ዓለም እንዳትጥይው! ዘንጉን ብቻ ቁረጪ፣ ቅጠሉን ተይው፣ ለከርሞ የሚያብበው ቅጠሉ በሚሰበስበው ምግብ ነው» አለችኝ። እንዳለችኝ ግቢ ውስጥ ተከልኩት፤ ሽንኩርት የሚመስለው ራሱ አንገቱ ከአፈር በላይ ብቅ እንዳለ፣ ክረምት ላይ ውሃ እንዳይተኛበት ከፍ ባለ መደብ ላይ አሸዋ ቀላቅዬ። ዘንድሮ እንደገና አበበ!

ቅር ያለኝ ሸክላው ነው። ከታች ቀዳዳ የለውም፣ ሥሩ ሊበሰብስብኝ ነበር። ቱሊፕ የሚባለውን አበባ ስጠይቃት ደግሞ 12 ሳምንት ገደማ ብርድ ካላገኘ እዚህ ዳግም አያብብልሽም ብላ እቅጩን ነገረችኝ። ሁለተኛ አማሪሊስ ይዤ ተመለስኩ፣ ነጩን።