ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ላላችሁ፣ ይቺን ነርስ እወቋት

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገን፣ እንዲህ አይነት ፖስት ብዙም አልጽፍም፣ ግን ይቺን ልጅ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) አንድ ክሊኒክ የምትሠራ ሀበሻ ነርስ ፕራክቲሽነር ናት፣ ማለትም እንደ ሐኪም መርምራ መድኃኒት የምታዝ ነርስ።

ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ገና በ46 ዓመቱ ልቡን ታሞ ስቴንት (የጠበበ የልብ ደም ስር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ገብቶለታል፣ ኮሌስትሮሉ ደግሞ ያን ያህል አልነበረም። እኔ በፊት የምሄድበት ቦታ ይሄን ብነግራቸውም ኮሌስትሮልህ ደህና ነው ብለው ሸኙኝ። እሷ ግን ዘር ማንዘሬን ጠየቀችኝ፣ አባትህ በስንት ዓመታቸው፣ አጎቶችህስ እያለች፣ ከዛ ሁለት የደም ምርመራ ጨመረችልኝ፣ ሲአርፒ እና ሊፖፕሮቲን ኤ።

ሲአርፒው 12 ሆኖ መጣ። ጎግል ሳደርገው ከ3 በላይ ለልብ አደጋ ነው ይላል፣ በድንጋጤ ደወልኩላት። ሳቅ ብላ "ለምርመራ ደም የሰጠህ ቀን ጉንፋን ይዞህ አልነበር እንዴ?" አለችኝ። ሲአርፒ ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው፣ ሰውነት ውስጥ ኢንፌክሽን ወይ ብግነት ሲኖር ይጨምራል፣ ስለዚህ ከ10 ካለፈ ስለ ልብ ምንም ከማለታችን በፊት ሲሻልህ እንደግመዋለን አለች። ሲደገም 1.4! በመጀመሪያው ቁጥር ብቻ መድኃኒት ልታሸክመኝ ትችል ነበር እኮ።

ሊፖፕሮቲን ኤው ግን እውነትም ከፍ ብሏል፣ 180 ናኖሞል በሊትር፣ ከ125 ጀምሮ ከፍተኛ ነው የሚባለው። ይሄ ከወላጅ የሚወረስ ነው፣ ኤልዲኤል የሚሉት ቅባት (መጥፎው ኮሌስትሮል) ላይ አንድ ተጨማሪ ፕሮቲን ተጣብቆበት ደም ስር የሚያጠብ ነገር፣ ሁዳዴን ሙሉ ሽሮ ብትበላ ንቅንቅ አይልም (ጾመኛ ነን ብላችሁ እንዳትዘናጉ)። ለአብዛኛው ሰው በዕድሜው አንዴ መለካት ይበቃዋል አለችኝ። እሱን ባናወርደውም ሌላውን እናወርዳለን ብላ ለኤልዲኤሉ ስታቲን የሚባል ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት ጀመረችልኝ፣ ግፊቴንም በየጊዜው ትከታተላለች። ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ ግን ወንድሜ ለሐኪሙ የሚያሳየው ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ፣ ልጆችህንም አስለካ፣ ግማሽ በግማሽ ነው የመውረስ ዕድላቸው አለችኝ፣ ቀጠሮ ይዘናል።

አማርኛ እየቀላቀለች ነው የምታስረዳው፣ እናት አባት ይዛችሁ ብትሄዱ አስተርጓሚ አያስፈልጋችሁም። ስሜን አትጻፍ ስላለችኝ ነው እንጂ፣ የፈለገ ኢንቦክስ ያድርገኝ። የድሮ የላብራቶሪ ውጤት ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሊፖፕሮቲን ኤን የማይከፍል ኢንሹራንስ ስላለ ደግሞ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ።