«የእናት ልጅ»ን ከ«እንጀራ ልጅ» ለለዩልኝ ባለሙያ የከበረ ምስጋና

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ዳላስና አካባቢው ያላችሁ ወገኖቼ። ብዙ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። የተደረገልኝን ሳልናገር ባልፍ ግን ኅሊናዬ አያስተኛኝም። የሟች ባላችሁ፣ የአባታችሁ ወይም የወንድማችሁ የቆየ ሽጉጥ ቤታችሁ ተቀምጦ ግራ የገባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ የትም ከመውሰዳችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ ቀድሞ የሚነግረኝ አጥቼ ብዙ ተንገላትቻለሁ።

ወንድም ጋሼ ያረፈው ባለፈው ዓመት ነው። አርባው ከወጣ በኋላ አፓርታማውን ለማስረከብ ዕቃውን ስናወጣ፣ ቁም ሣጥኑ ሥር ካለች ትንሽ ካዝና ውስጥ ሦስት ሪቮልቨሮች አገኘን። ፊልም ላይ ካውቦዮች ወገባቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ዓይነት ናቸው። አጠገባቸው ሁለት ትንንሽ ቀይ የጨርቅ ከረጢቶችና አንድ የተጠቀለለ ካልሲ ነበር። ቀዩ ከረጢት ከገዳም የመጣ እምነት መስሎኝ ተሳልሜ ነው የፈታሁት። ውስጡ ግን ስድስት ቀዳዳ ያለው ከባድ ብረት ሆኖ ተገኘ። ካልሲው ውስጥም እንደዚያው።

ደብተርም ነበር። በእሱ እጅ ጽሑፍ ቁጥሮች ተደርድረዋል፤ ከአንዱ ጎን «የእናት ልጅ»፣ ከሌላውም ጎን «የእናት ልጅ»፣ ከታች ደግሞ «የእንጀራ ልጅ» ይላል። እኔና ወንድም ጋሼ በእንጀራ እናት እጅ ያደግን ነን። ያን ጊዜ ያየነውን እሱም እኔም አንስተነው አናውቅም። ያን ቃል ሳነብ፣ ያ ቁስል እስከ ሞቱ አልሻረለትም ነበር ማለት ነው ብዬ ሌሊቱን ሙሉ አለቀስኩ።

ከዚያ መንከራተቱ ጀመረ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ሱቅ ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ሦስቱንም ጠረጴዛ ላይ አገላብጦ፣ «ለሁሉም 250 ዶላር፣ ዛሬ ከሆነ» አለኝ። ስለ ቀዮቹ ከረጢቶች ስጠይቀው «ትርፍ ብረት ነው፣ ጣይው» አለ። አነጋገሬን ሰምቶ፣ ጥቁር ሴት መሆኔን አይቶ፣ ምንም አታውቅም ብሎ ነው። እርግጥ ነው አላውቅም ነበር። ሰው አላወቀም ተብሎ ግን እንዲህ ይደረጋል? ወንድሜ ሌሊት ሌሊት ፓርኪንግ እየጠበቀ በላቡ የገዛውን ነው ጣይው ያለኝ።

ሁለተኛው ባሰ። «እንገምትልሽ» ብለው ተቀብለውኝ ሁለት ሳምንት አስቀመጡት። ስደውል ነገ፣ ስሄድ ባለቤቱ የለም። በመጨረሻ ሁሉንም ባንድ ፌስታል አድርገው ሰጡኝ። የነበረበት አለመሆኑ ታየኝ፤ ካልሲው ባዶ ነው፣ ከረጢቶቹ ተጨማደዋል። «የትኛው የትኛው ነበር?» ብዬ ብጠይቅ «ሁሉም 22 ነው፣ ልዩነት የለውም» አሉኝ፤ 22 የሚሉት የጥይቱን ውፍረት መጠሪያ ነው። ልዩነት የለውም! ይህ አነጋገር ሰው ሊያስጎዳ እንደሚችል ኋላ ነው የገባኝ። ሌላው ደግሞ «ዝገቱን ሞርደን፣ ቀለሙን አድሰን እንደ አዲስ እናድርግልሽና በደህና ዋጋ ይሸጣል» ብሎኝ ነበር። እንኳን እሺ አላልኩ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ ነው አብራኝ የምትሠራ አሜሪካዊት ነርስ እኚህን ሽማግሌ የጠቆመችኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከቤታቸው ጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ፈቃዳቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው የሚሠሩ የሽጉጥ ጠጋኝ ናቸው። ስገባ ተነሡልኝ። ዕድሜያቸው ከሰባ በላይ ነው፤ እኔን «ማም» እያሉ ወንበር ሳቡልኝ። «የማን ነበር?» ነው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው። ስነግራቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ በፊት ሦስት ቦታ ሄጄ አንድም ሰው የማን ነበር ብሎኝ አያውቅም።

ቀጥለው እያንዳንዱን ሽጉጥ ባዶ መሆኑን ሁለት ሁለት ጊዜ አዩ፣ ለእኔም አሳዩኝ። አረንጓዴ ጨርቅ ዘርግተው ሽጉጦቹን ደረደሩ፤ ጥይቱ የሚገባባቸውን ተሽከርካሪ ብረቶች፣ ሲሊንደር የሚሏቸውን፣ ስድስቱንም አውጥተው ከፊታቸው አስቀመጡ። ሦስቱም ሩገር ሲንግል ሲክስ የሚባሉ ናቸው፤ ኮኔክቲከት ሳውዝፖርት የተቋቋመው የሩገር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ የሠራቸው። ቀዩ ከረጢት ውስጥ ያለው ትርፍ ብረት አይደለም። አንዷ ሽጉጥ ሁለት ዓይነት ጥይት እንድትተኩስ የሚለዋወጥላት ሁለተኛ ሲሊንደር ነው፤ አንዱ ለተራው 22፣ ሌላው ለ22 ማግነም። ሁለቱም ጥይት የሚቀጣጠልበት ቅመም ግርጌው ላይ ባለው ጠርዝ ውስጥ ስለሆነ ሪምፋየር ይሏቸዋል። ማግነሙ ግን ይረዝማል፣ ይወፍራልም። ተራውን ጥይት በማግነም ሲሊንደር ብትከቱት ይላላና ቀለሁ ሊሰነጠቅ ይችላል። «ልዩነት የለውም» የተባልኩት ይህን ነው እንግዲህ።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ነው ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ።

ሽማግሌው አንዱን ሲሊንደር አንስተው ወደ መብራቱ አዞሩት። ዝም ብለው ብዙ አዩት። ከዚያ አጉሊ መነጽራቸውን ለእኔ ሰጡኝና «አንቺ ራስሽ አንብቢው» አሉኝ። ከፊቱ ላይ፣ በቀዳዳዎቹ መካከል፣ በጣም ትንሽ ሆነው ሦስት ቁጥሮች አሉ፦ 418። «አሁን የሽጉጦቹን ቁጥር አንድ በአንድ አንብቢልኝ» አሉ። አነበብኩ። የሁለተኛዋ ሽጉጥ የመጨረሻ ሦስት ቁጥሮች 418 ናቸው። ሲሊንደሩ ግን የተገኘው ሌላዋ ሽጉጥ ውስጥ ገብቶ ነው! ፋብሪካው ሁለተኛውን ሲሊንደር ለዚያችው ሽጉጥ ልክ አድርጎ ሲሠራው የቁጥሯን መጨረሻ ይጽፍበት ነበር አሉኝ፤ ሰብሳቢዎች መጀመሪያ የሚያዩትም ይህን ነው። ያ ሱቅ አደባልቆብኝ ኖሯል። እንደመጣልኝ ብሸጠው ኖሮ ሁለቱንም አበላሽቼ ነበር።

እኔ ግን ያን ጊዜ ስለ ሽያጩ አይደለም ያሰብኩት። ደብተሩን ከቦርሳዬ አወጣሁ። 418፣ «የእናት ልጅ»። በ1976 የተሠራችው የሌላዋ ሽጉጥ ቁጥርም እንዲሁ፣ «የእናት ልጅ»። ካልሲው ውስጥ የነበረው ቁጥሩ ከአንዷም ጋር አይገጥምም፤ «የእንጀራ ልጅ»። ምን እንደሚል ተርጉሜ ስነግራቸው ሽማግሌው ሳቁ፣ ከዚያም ዓይናቸው ዕንባ አቀረረ። «በዚህ ሥራ ኃምሳ ዓመት ቆይቻለሁ፣ እንዲህ አድርጎ የጠራቸው ሰው ግን አልሰማሁም» አሉ። እኔም እዚያው አለቀስኩ፤ ይህኛው ግን የእፎይታ ልቅሶ ነው። ወንድሜ ቁስሉን አይደለም የጻፈው። የተለያዩ ወንድማማቾችን ሲያገናኝ ነበር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሽጉጥ ትርኢት እየዞረ።

ሽማግሌው የእንጀራ ልጁንም ታሪክ ነገሩኝ። የመጨረሻዋ ሽጉጥ ጥይት የምትጎርስበት በሯ ጠፍጣፋ ነው፤ ያ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ እስከ 1957 ድረስ የተሠሩት ምልክት ነው። 22 ማግነም የሚባለው ጥይት ደግሞ የወጣው በ1959 ነው። እንግዲህ ጥይቱ ሳይኖር ሲሊንደሩ ከየት ይመጣል? ሌላ ሰው ኋላ ያመጣላት ነው፤ ወንድም ጋሼም አውቆታል፤ ለዚህ ነው ከረጢት ሳይሆን ካልሲ የሰጠው። እኚህ ሰው «ሙሉ ስብስብ ነው» ብለው ዋጋ ማስወደድ ይችሉ ነበር። «ለብቻው ሽጪው፣ ለሚገዛሽም እውነቱን ንገሪው» ነው ያሉኝ። ቀጭን የብረት ስንጥር በክፍተቶቹ እያስገቡ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው እያሽከረከሩ ብዙ ነገር ለኩ። እሱን ከእኔ አትጠብቁ፣ አልገባኝም። ሲጨርሱ ግን ሁሉም ወደ ወገኑ ተመልሶ ነበር።

አንድ ነገር ግን እናንተም ልብ በሉ። ጎኗ ላይ ሦስት ብሎን ያላት ሲንግል ሲክስ ከ1973 በፊት የተሠራች ናት፤ ሁለት ፒን ያላት ከዚያ በኋላ። የቆዩት ስድስት ጥይት ሞልቶ መያዝ አደጋ ነው፤ ብትወድቅ ልትተኩስ ስለምትችል መቺው የሚያርፍበት ቀዳዳ ባዶ መሆን አለበት። ፋብሪካው እነዚህን ያለ ክፍያ በአዲስ መከላከያ ያስተካክላል፤ ሰብሳቢ ግን ያልተነካችውን ስለሚፈልግ፣ ካሠራችሁ የወጡትን አሮጌ ክፍሎች መልሰው ይልኩላችኋልና እንዳትጥሏቸው። በ1976 የተሠራችው ደግሞ አፈሙዟ ላይ የአሜሪካ ነጻነት 200ኛ ዓመት የሚል ጽሑፍ አለባት፤ ያን ዓመት የወጡት ብዙዎቹ ሩገሮች አለባቸው። ኃምሳ ዓመት የሞላት ሽጉጥ እንደ ቅርስ ስለምትቆጠር፣ ለሰብሳቢዎች የሚሰጥ የፌዴራል ፈቃድ እንዳለም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

ለዚህ ሁሉ፣ ለሦስት ሰዓት ሥራ፣ የተቀበሉኝ 40 ዶላር ነው። ልጨምር ብል እጄን ይዘው መለሱኝ። «ይግዙኝ» ስላቸውም «ዛሬ አልገዛሽም። ኀዘንሽ ገና ነው፤ ሂጂ ቤትሽ፣ ከወር በኋላም መሸጥ ከፈለግሽ ተመለሺ» አሉኝ። ቸኩዬ እንድሸጥ ካስጨነቁኝ ሰዎች በኋላ ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ በቃል አይገለጽም። እግዚአብሔር ዕድሜያቸውን ያርዝምልኝ፤ የልጅ ልጅ ያሳያቸው።

እቤት ስመለስ አባታችን ትዝ አሉኝ። ምንሽር ነበራቸው፤ በዓመት በዓል ቀን ከግድግዳ አውርደው ዘይት የሚቀቧት። ወንድም ጋሼ ጨርቁን ይዞ አጠገባቸው ነበር የሚቀመጠው። በደርግ ጊዜ መሣሪያ አስረክቡ ሲባል እሱ ነበር ተሸክሞ ወደ ቀበሌ የሄደው፤ ሲመለስ ሦስት ቀን እህል አልበላም። በሱዳን አድርጎ እዚህ ሲመጣ ምንም አልያዘም። ያቺን ሲፈልግ ነው ለካ እነዚህን ሲሰበስብ የኖረው። ያየሁትን ሳስበው እንዲህ ነው የሚመስለኝ።

ከወር በኋላ ተመለስኩ። ባለጠፍጣፋ በሯንና የ1976ቷን እዚያው በእሳቸው በኩል፣ በሕጉ መሠረት ሸጥኩ፤ ገንዘቡ ለሙት ዓመቱ ሆነ። የእንጀራ ልጁን ልክ ለምትሆነው ሽጉጥ ለብቻው የወሰደው ሌላ ሰው ነው። 418ን ከነቀይ ከረጢቷ አስቀርቻለሁ።

ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለለመኑኝ ነው እንጂ በትልቁ እጽፈው ነበር። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለሁላችሁም እሰጣለሁ። ደግሜ እላለሁ፣ እሳቸው ሳያዩት አትሽጡ፣ አታሳድሱ፣ ለማንም ትታችሁ አትሂዱ። እባካችሁ ሂዱ። ስትሄዱ ሽጉጡን ባዶ አድርጋችሁ፣ ጥይቱን ለብቻ፣ እያንዳንዱን ሲሊንደር ካገኛችሁበት ሳታቀላቅሉ ያዙ፤ ከሣጥኑም ከካልሲውም ምንም አትጣሉ። ሟቹ የጻፈው ነገር ካለ፣ ብጣሽ ወረቀትም ቢሆን ይዛችሁ ሂዱ። በአማርኛ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት፤ እሳቸው ቁጭ ብለው ያስተረጉሟችኋል።