ጣራውን ከመብሳቱ በፊት ለለካው ወንድማችን ምስጋና

አሪዞና ውስጥ እየተዘዋወረ አርቪ (የሚነዳ ወይም በመኪና የሚጎተት ቤት) ላይ ኢንተርኔት ለሚገጥመው ወንድማችን ከልብ የመነጨ ምስጋናችንን በአደባባይ እናቀርባለን። ስሙንና ስልኩን ሳያስፈቅዱ መለጠፍ ነውር ስለሆነ ለፈለገ ሰው በውስጥ መስመር እናገናኛለን። እዚህ የምንጽፈው የሠራውን ሥራ ነው። አርቪ ውስጥ እየኖራችሁ በኢንተርኔት የምትሠሩ፣ በተለይ በስልክና በቪዲዮ የምታስተረጉሙ ወገኖች ዝርዝሩን ብታውቁት ገንዘብም ጊዜም ይተርፋችኋል።

የማስተርጎም ሥራ መቆራረጥን አይችልም። ሐኪሙ «የት ላይ ነው የሚያምዎት?» ብሎ ጠይቆ እናት እየመለሱ ሳለ መስመሩ ቢበጠስ የሚጎዱት እሳቸው ናቸው። ብዙ የአስተርጓሚ ድርጅቶችም ኮምፒውተሩ በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል እንዲያያዝ ይጠይቃሉ። ስለዚህ «ኢንተርኔት አለ» ማለትና «ሥራ ያሠራል» ማለት ይለያያሉ።

ይህን ባለሙያ ከሌሎች የለየው አንድ ነገር ነው፦ ከመሸጡ በፊት ይለካል። ብዙ ገጣሚ ገና በር ላይ ቆሞ «ይህን አንቴና ውሰዱ» ይላል። እሱ መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ይዞ በቀጥታ ወደ ባትሪው ሄደ።

ለምን ወደ ባትሪው? ስታርሊንክ ሚኒ፣ ማለትም ከሳተላይት ኢንተርኔት የሚቀበለው ትንሹ ዲሽ፣ ሥራ ላይ ሳለ በአማካይ ከ25 እስከ 40 ዋት ይወስዳል፤ ሲነሳ ግን ከዚያ በላይ ስለሚጠይቅ ኃይል ሰጪው 60 ዋት መቻል አለበት። ዲሹ ከ12 እስከ 48 ቮልት ይቀበላል ተብሎ ስለተጻፈበት ብዙ ሰው በቀጥታ ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ያያይዘዋል። ችግሩ ሽቦው ላይ ነው። 60 ዋት በ12 ቮልት 5 አምፔር ማለት ነው። ቁጥር 18 የሆነ ቀጭን ሽቦ 15 ሜትር ሄዶ 15 ሜትር ሲመለስ 0.6 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው፤ በ5 አምፔር 3 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ባትሪው 12.8 ቮልት ቢያሳይም ዲሹ ጋ የሚደርሰው ከ10 ቮልት በታች ነው። ያኔ ዲሹ ይጠፋል፣ ይነሳል፣ መልሶ ይጠፋል። ሰው ደግሞ «ሳተላይቱ ደካማ ነው» ብሎ ያማርራል፤ ሳተላይቱ ግን ምንም አላጠፋም።

መፍትሔው 12 ቮልቱን ወደ 30 ቮልት ከፍ የሚያደርግ መቀየሪያ ባትሪው አጠገብ ማስገባት ነው። የዲሹ የራሱ ቻርጀርም የሚሰጠው 30 ቮልት ነው። በ30 ቮልት ያው 60 ዋት 2 አምፔር ብቻ ስለሚሆን በዚያው ሽቦ ላይ የሚቀረው ከ1.3 ቮልት አይበልጥም፤ ከ30 ላይ ያ ምንም አይደለም። ከባትሪው እስከ መቀየሪያው ያለውን አጭር መንገድ ወፍራም በሆነው በቁጥር 10 ሽቦ ሠራው፤ 10 አምፔር ፊውዝም ባትሪው ጥግ ላይ አስገባ። ፊውዙ ዲሹ ጋ ሳይሆን ባትሪው ጋ የሚሆነው ሽቦው መሀል ላይ ተፍቆ ብረት ቢነካ እሳት እንዳይነሳ ነው። ይህን የሚዘል ገጣሚ ካጋጠማችሁ ሥራውን አስቁሙት።

ስለ ኢንቨርተርም፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ ስለሚቀይረው መሣሪያ፣ ያስረዳው ነገር ዋጋ አለው። ትልቅ ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት ራሱ ከ10 እስከ 20 ዋት ይበላል። በ15 ዋት ብናስበው በ24 ሰዓት 360 ዋት-ሰዓት ነው። ሚኒው በ30 ዋት 10 ሰዓት ሲሠራ የሚፈጀው 300 ዋት-ሰዓት ነው። ለራውተርና ለዲሽ ብቻ ብሎ ኢንቨርተር ቀንም ሌሊትም ማብራት ከዲሹ የበለጠ ኢንቨርተሩን መቀለብ ነው። ሁሉም በቀጥታ ከ12 ቮልት መስመር ሲሠራ፣ ራውተሩ በ10 ዋት ሙሉ ቀን 240፣ ዲሹ 300፣ በድምሩ 540 ዋት-ሰዓት ይሆናል። 100 አምፔር-ሰዓት ሊቲየም ባትሪ 1280 ዋት-ሰዓት ይይዛልና ፀሐይ ባትወጣም ሁለት ቀን ያህል ያዘልቃል። የእርሳስና አሲድ ባትሪ ከሆነ ግን ከግማሹ በታች ማውረድ ስለሚጎዳው ሒሳቡን በግማሽ ቀንሱት።

ኃይሉ ከተስተካከለ በኋላ ወደ ስልኩ ኔትወርክ ዞረ። እዚህ ላይም አሠራሩ ደስ ይላል። ስልክ ላይ የሚታዩት የኔትወርክ እንጨቶች አይታመኑም፤ እሱ የሚያነበው ሁለት ቁጥር ነው። አንደኛው የሲግናሉ ጉልበት፣ አር ኤስ አር ፒ የሚሉት ነው፦ ከ-90 የተሻለ ከሆነ ጥሩ፣ -100 አካባቢ መካከለኛ፣ ከ-110 ካለፈ ደካማ፣ -120 ላይ እርሱት። ሁለተኛው የሲግናሉ ጥራት ነው፤ ኤስ አይ ኤን አር ይሉታል፤ ከ20 በላይ ግሩም፣ ከ0 በታች ግን በጫጫታ የተዋጠ ነው። አይፎን ያለው ሰው *3001#12345#* ደውሎ ቁጥሮቹን ራሱ ማየት ይችላል። አንድሮይድ ላይ በሴቲንግ ውስጥ የሲም ሁኔታ የሚለው ቦታ ጉልበቱን ያሳያል።

ቁጥሮቹ መፍትሔውን ይለያሉ። ጉልበቱ ደካማ፣ ጥራቱ ደህና ከሆነ የውጭ አንቴና ይረዳል። ሁለቱም ጥሩ ሆነው ፍጥነቱ ማታ ማታ ከወደቀ ግን ታወሩ በሰው ተጨናንቋል፤ ያንን የትኛውም አንቴና አያድነውም። የአሪዞናዋ ኳርትዝሳይት ከተማ በጥርና በየካቲት በሺዎች የሚቆጠሩ አርቪዎች በረሃው ላይ ሲሰፍሩ የሚታየው ይኸው ነው። ያኔ የሌላ ኩባንያ ሲም ወይም ሳተላይት ነው የሚያስፈልገው፤ ሳተላይቱም ቢሆን ብዙ ዲሽ በአንድ አካባቢ ሲከማች ይቀንሳል። ባለሙያው ይህን በግልጽ ነግሮ፣ ሊሸጠው ይችል የነበረውን የሲግናል ማጉያ «አያስፈልጋችሁም» አለ። ማጉያ፣ ቡስተር የሚሉት፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ አንቴና ነው የሚያልፈው፤ ዘመናዊ ራውተር ግን በሁለትና በአራት አንቴና በአንዴ ይቀበላል። ስለዚህ ማጉያው ጉልበቱን ከፍ አድርጎ ፍጥነቱን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። የውስጡና የውጩ አንቴና ሲቀራረቡም ራሱ ድምፁን መልሶ እየሰማ ይዘጋል፤ ማይክ ድምፅ ማጉያው አጠገብ ሲሆን እንደሚጮኸው ማለት ነው። ከታወር በጣም ርቆ በስልክ ብቻ መደወል ለሚፈልግ ሰው ግን ማጉያ ዛሬም ጥቅም አለው።

ጣራ የሚበሳው ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ፤ ውሃ ያስገባ ጣራ ከኢንተርኔቱ ሁሉ በላይ ያስከፍላልና። የአብዛኛው አርቪ ጣራ በእንጨት ላይ የተለጠፈ ጎማ መሰል ሽፋን ወይም ፋይበርግላስ ነው። ለዚህም ነው ማግኔት ያለው የዲሽ መያዣ እዚያ ላይ የማይይዘው። ባለሙያው ቦታውን ሲመርጥ ከኤርኮንዲሽነሩ ራቅ አደረገው፤ ውስጡ ያለው ብረት ሲግናል ይጋርዳል። የአንቴናው ጥላ ሶላሩ ላይ እንዳያርፍም አየ፤ ትንሽ ጥላ እንኳ የሶላሩን ምርት በጣም ትቀንሳለች። ከበሳ በኋላ ከአንቴናው ሥር ቡታይል ቴፕ (ውሃ የሚከላከል የሚለጠፍ ማሸጊያ) አነጠፈ፣ ብሎኖቹንና ዙሪያውን ራሱ ፈስሶ በሚተኛ የጣራ ማሸጊያ ደፈነ። ከዚህ ዓይነቱ ማሸጊያ ዳይኮር የሚባለው እዚህ አገር በሰፊው የሚታወቅ ነው። ሲሊኮን ፈጽሞ አልነካም፤ ሲሊኮን ጎማ ጣራ ላይ በደንብ አይይዝም፣ አንዴ ከተቀባ ደግሞ ሌላ ማሸጊያ በላዩ አይጣበቅም። የጎን ግድግዳ ላይ ከሆነ የማይፈስሰው ዓይነት ማሸጊያ ነው የሚያስፈልገው። «በዓመት ሁለት ጊዜ ወጥታችሁ እዩት» ብሎ የማሸጊያውን ፎቶ ትቶልናል፤ ቆይቶ ሲሰነጠቅ ለማነጻጸር።

የአንቴና ኬብል በረዘመ ቁጥር ሲግናሉን ይበላል፤ 3 ዴሲቤል ከጠፋ ግማሹ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ራውተሩን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ከማድረግ ይልቅ አንቴናው ሥር ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቅሎ ኬብሉን ከ3 ሜትር በታች አቆየው። ኢተርኔት ኬብል እስከ 100 ሜትር ቢሄድ ችግር የለበትምና እስከ ሥራ ጠረጴዛው የሄደው እሱ ነው። ቁም ሳጥኑ ላይ የአየር መውጫ ቀዳዳ ሠርቷል፤ የአሪዞና ሙቀት ውስጥ የታፈነ ራውተር ይግላል፣ ራሱን ይቀንሳል፣ ይጠፋል።

አንድ በጣም የሚያሳስት ነገር አለ። የስልክ ኔትወርክና የዋይፋይ አንቴና ጫፎች ከውጭ ሲታዩ መንትያ ናቸው። በአንዱ መሀል መርፌ አለ፣ በሌላው የለም። ጥርሱ ስለሚገጥም ተጠምዝዞ ይገባል፤ መሀሉ ግን አይነካካም፤ አንቴናው እያለ እንደሌለ ይሆናል። ሌላ ቦታ የተገጠመላችሁ አንቴና ምንም ለውጥ ካላመጣ መጀመሪያ ይህን ፈትሹ።

ራውተሩ ላይ ሳተላይቱን አንደኛ፣ የአንዱን ኩባንያ ሲም ሁለተኛ፣ የሌላውን ሦስተኛ አድርጎ ደረደረ። ብዙ ሰው የሚስተው የመስመር ፍተሻውን ነው። ዲሹ በርቶ ከራውተሩ ጋር ስለተያያዘ ብቻ ራውተሩ «መስመር አለ» ብሎ ያምናል፤ ዛፍ ጋርዶት ኢንተርኔት ባይኖርም ወደ ሲሙ አይዞርም። ባለሙያው ግን ራውተሩ በየ5 ሰከንዱ 8.8.8.8 እና 1.1.1.1 የተባሉት የኢንተርኔት አድራሻዎች መልስ መስጠታቸውን እንዲጠይቅ፣ ሦስት ጊዜ ካልመለሱ እንዲዞር አደረገው። መስመር ሲዞር ግን እየተካሄደ ያለ ጥሪ ሊቋረጥ እንደሚችል አልደበቀም። ያንን የሚያስቀረው ሁለቱን መስመሮች አጣምሮ በአንድ አድራሻ የሚያወጣ አገልግሎት ነው፤ ፔፕሊንክ የተባለው ኩባንያ ራውተሮች ላይ አለ። ወርሃዊ ክፍያ ሊኖረው ይችላል፣ ዳታም የበለጠ ይበላል። ቀኑን ሙሉ በጥሪ ላይ ለሚውል ሰው እንመክራለን፤ ኢሜይል ለሚጽፍ ሰው ትርፍ ወጪ ነው።

ለዲሹ ቋሚ መያዣ ጣራ ላይ ከማድረግ ይልቅ በሦስት እግር ማቆሚያ መሬት ላይ እንድናደርገው መከረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በረሃ የቆመ አርቪ ጥላ ይፈልጋል፣ ዲሹ ደግሞ ክፍት ሰማይ። በ15 ሜትሩ ኬብል አርቪውን ዛፍ ሥር አቁሞ ዲሹን ሜዳ ላይ ማውጣት ይቻላል። የስታርሊንክ አፑ በስልኩ ካሜራ ሰማዩን ቃኝቶ የሚጋርደውን ያሳያል፤ ሁለትና ሦስት ከመቶ እንኳ ቢጋረድ ፊልም ሊያሳይ ይችላል፣ ቪዲዮ ጥሪን ግን ይቆራርጣል። በንፋስ እንዳይወድቅ እግሩን በአሸዋ ከረጢት እሰሩት፤ ሌሊት ደግሞ አስገቡት።

የጎደለውንም እንጻፍ፤ ጥቆማ ሲሰጥ ሁሉን መናገር ይገባል። በብርዱ ወራት ሥራ ስለሚበዛበት ወረፋው ረጅም ነው። ቶሎ አይጨርስም፤ የእኛን ሥራ አንድ ሙሉ ቀንና ግማሽ ወስዷል። ኮንትራት መምረጥ ላይም አይገባም፤ የዳታ መጠንና ዋጋ ስለሚቀያየር ከኩባንያው በቀጥታ ጠይቁ ይላል።

እሱን ለማግኘት የምትጽፉልን ሰዎች እነዚህን አዘጋጁ፦ የጣራውን ፎቶ ከአራቱም ማዕዘን፣ የባትሪውን ጽሑፍ በግልጽ የሚያሳይ ፎቶ፣ ያላችሁን ራውተርና ሲም፣ ብዙ ጊዜ የምትቆሙባቸውን ቦታዎች፣ በቀን ስንት ሰዓት በጥሪ ላይ እንደምትውሉ። አርቪያችሁ እንደ ኤርስትሪም ሙሉ በሙሉ አሉሚኒየም ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ በዚያ ዓይነቱ ውስጥ ሲግናል በደንብ ስለማይገባ የውጭ አንቴና በጣም ያስፈልጋል፣ የአበሳሱ ዘዴም ይለያል።

ወንድማችን፣ እጅህ ይባረክ። ሥራ ይብዛልህ።