የልጄን የንባብ መምህርት ሳላመሰግን አላልፍም

ሰላም ወገኖቼ። ሁለት ሰዎችን ማመስገን እፈልጋለሁ፤ በዚያውም እንደ እኔ ልጅ ይዛችሁ አሜሪካ ለመጣችሁ ወላጆች የምጠቁመው ነገር አለኝ።

በዲቪ ስንመጣ ልጄ ስድስት ዓመቱ ነበር። መጀመሪያ የገባበት ትምህርት ቤት ስለ እሱ ሊያናግሩኝ ሲጠሩኝ አስተርጓሚ ያደረጉት ራሱን ልጁን ነበር። የተባለውን ሁሉ አልነገረኝም፣ ፈርቶ ነው። ቤት ቀይረን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ስንገባ ሦስተኛ ክፍል ደርሶ አንዲት ገጽ ማንበብ አቃተው። የማታ ሥራ ነው የምሠራው፤ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እንዳላስጠና ሰዓቱም እንግሊዝኛውም የለኝም።

መስከረም ላይ ከአዲሱ ትምህርት ቤት ተደወለልኝ። በአማርኛ! የወላጆች አገናኝ ሆና የምትሠራ እህታችን ናት። ልጅሽ ንባብ ላይ እገዛ ያስፈልገዋል፣ እዚሁ ይሰጠዋል፣ ክፍያ የለውም አለችኝ። እኔ ደነገጥኩ። «ከልጆቹ ሊለዩብኝ ነው?» አልኳት። «አይደለም እህቴ፣ ይሄ ታይትል ዋን ነው» ብላ፣ ትምህርት ቤቶች ለልጆች ተጨማሪ እገዛ እንዲሰጡ የሚደረግ የመንግሥት ድጎማ እንደሆነ በትዕግሥት ከሥሩ አስረዳችኝ።

አሁን ወደ መምህርቷ ልምጣ። ከአራት ልጆች ጋር አድርጋ በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ታስተምረዋለች። ልጄ ስኩልን «እስኩል»፣ ስቶፕን «እስቶፕ» ይል ነበር፤ ሲጽፍም ፊት ላይ ፊደል ይጨምርበታል። እሷ እንደ ስህተት ቆጥራ አላለፈችውም። እኔን አስጠርታ «እስቲ የእናንተን ፊደል አሳዪኝ» አለችኝ። በ ቡ ቢ ባ እያልኩ ጻፍኩላት። የእኛ ፊደል አናባቢውን ከተነባቢው ጋር አንድ ላይ ይዞ እንደሚሄድ፣ የእንግሊዝኛው ግን አንዱ ፊደል እንደየቦታው ድምፁን እንደሚቀያይር ያኔ ገባት፤ ለእኔም ያኔ ነው የገባኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፆቹን አንድ በአንድ እየነጠለች እንደገና አስጀመረችው። ደግሞ ቤት ውስጥ በአማርኛ ተረት እንድነግረው፣ አማርኛውን እንዳላስተወው አደራ አለችኝ። ስንቶቻችን ነን እንግሊዝኛው እንዲሻሻል ብለን አማርኛውን የምናስጥላቸው?

ለመሆኑ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከፌዴራል መንግሥት ነው። ታይትል ዋንን ያመጣውን ሕግ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የፈረሙት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 ነው፤ ቴክሳስ ውስጥ በልጅነታቸው የተማሩበት ትንሽ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ፣ የመጀመሪያ መምህርታቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው። ራሳቸውም በ1928 ኮቱላ በምትባል ከተማ የድሃ ሜክሲኳውያን ልጆችን ሲያስተምሩ ነበር፤ እንግሊዝኛ የሚቸግራቸውን። ይህን ስሰማ ልቤ ተነካ። ድጎማው ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች ለሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች ይደርሳል። ከተማሪዎቹ 40 በመቶው ወይም ከዚያ በላይ እንደዚህ ከሆኑ ትምህርት ቤቱ ገንዘቡን ለሁሉም ልጆች ማሻሻያ ሊጠቀምበት ይችላል።

እና እባካችሁ የምሳ ፎርሙን፣ ማለት ልጁ ትምህርት ቤት በነፃ ወይም በቅናሽ እንዲበላ የሚሞላውን ማመልከቻ፣ ሙሉ። «እኔ ልጄን ማብላት አያቅተኝም» ብሎ የሚተወው ሰው ብዙ ነው፤ ክብራችሁን እረዳለሁ፣ እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር። ግን በብዙ ቦታ ትምህርት ቤቱ ስንት ዝቅተኛ ገቢ ያለው ተማሪ እንዳለው የሚቆጠረው በዚያ ፎርም ነው፤ እናንተ ስትተዉት የሌላውም ልጅ የንባብ መምህር ድርሻ ይቀንሳል። ፎርሙ የኢሚግሬሽን ሁኔታ አይጠይቅም። ልጆቹ ሁሉ በነፃ የሚበሉበት ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ አሠራሩ ስለሚለይ ቢሮውን ጠይቁ።

ታይትል ዋን ያለበት ትምህርት ቤት በየዓመቱ ለወላጆች ስብሰባ መጥራት ግዴታው ነው። ሂዱ። አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። ልጄ ምን እገዛ እያገኘ ነው፣ በምን ያህል ተሻሻለ ብላችሁ ጠይቁ፤ ማንም አይቆጣችሁም።

የመምህርቷን ስም አልጽፍም፣ አላስፈቀድኳትም። ግን ይህን ጽሑፍ እህታችን ተርጉማ እንድታነብላት እልክላታለሁ። መምህርት ሆይ፣ ልጄ ትናንት ማታ ለታናሽ እህቱ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አነበበላት፣ እኔ ሥራ ላይ ሆኜ በስልክ ሰማሁት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ፎርሙ ያስቸገራችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቁጭ ብለን አብረን እንሞላዋለን።