ኢክሊፕስ ሜሞሪ አናላይዘር፦ ሬዲፕሎይ በተደረገ ቁጥር ሜሞሪ ለሚበላ ቶምካት

ቶምካት ላይ የጃቫ ዌብ አፕሊኬሽን የምታስተዳድሩ ይህን ነገር በደንብ ታውቁታላችሁ። አዲስ ዋር ፋይል (የታሸገ አፕሊኬሽን) ትጭናላችሁ፤ አፕሊኬሽኑ ይነሳል፤ ሁሉም ሰላም ነው። በነጋታው ሌላ ማስተካከያ ይመጣና እንደገና ትጭናላችሁ፤ ሬዲፕሎይ ማለት ይህ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰርቨሩ መንቀራፈፍ ይጀምራል። በመጨረሻ ሎጉ ላይ «አውት ኦፍ ሜሞሪ ኤረር፦ ሜታስፔስ» ይላችኋል፤ የክላሶች ማስቀመጫ ሜሞሪ ሞላ ማለት ነው። ያኔ ሁሉም ሰው የሚሮጠው ወደ ሪስታርት ነው።

የምሠራበት ቢሮም ሪስታርት እንደ ደንብ ተይዞ ነበር። መስኮት ላይ ባለጉዳይ ቆሞ ሲስተም ማቆም ደግሞ ያሳቅቃል። ከዚህ ያወጣን ኢክሊፕስ ሜሞሪ አናላይዘር ነው። የጃቫ ሜሞሪ ውስጥ ማን ምን እንደያዘ የሚያሳይ ፕሮግራም ሲሆን በአጭሩ ማት ይባላል። መጀመሪያ የሠራው ኤስኤፒ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ነው፤ በኋላ ወደ ኢክሊፕስ ተዛወረ። ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። እዚህ የምገመግመው ለዚህ ለአንዱ ችግር ምን ያህል እንደሚረዳ ብቻ ነው።

ችግሩ ምን እንደሆነ በአጭሩ ልበል። ቶምካት ለእያንዳንዱ አፕሊኬሽን የራሱን ክላስሎደር (ክላሶቹን ማለትም የኮዱን ክፍሎች ሜሞሪ ላይ የሚጭነውን) ይሰጠዋል። አፕሊኬሽኑ ሲወገድ ክላስሎደሩም ከነክላሶቹ መሄድ አለበት። ጃቫ ግን ክላሶችን አንድ በአንድ አይለቅም፤ ክላስሎደሩ ካልተለቀቀ አንዱም አይለቀቅም። አንዲት ኦብጀክት ክላሷን ትይዛለች፤ ክላሷ ክላስሎደሩን ይይዛል፤ ክላስሎደሩ የጫነውን ሁሉ ይይዛል። ቤት የለቀቀ ተከራይ አንድ ክፍል ውስጥ ዕቃውን ቆልፎ ሲሄድ አከራዩ ቤቱን ለሌላ ማከራየት እንደሚያቅተው ዓይነት ነው። እስከ ጃቫ 7 ድረስ ክላሶቹ የሚከማቹት ፐርምጄን በሚባል የተወሰነ ቦታ ስለነበር ነገሩ ቶሎ ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጃቫ 8 ፐርምጄንን አስቀርቶ ሜታስፔስን አመጣ። ሜታስፔስ ደግሞ ገደብ ካላበጃችሁለት የማሽኑን ሜሞሪ እየበላ ይሄዳል። ስለዚህ ችግሩ ዘግይቶ ይመጣል እንጂ አልጠፋም።

ማት የሚያነበው ሂፕ ደምፕ ነው፤ ማለትም ሂፕ (ጃቫ ኦብጀክቶችን የሚያስቀምጥበት ሜሞሪ) በአንድ ቅጽበት ሲገለበጥ የሚወጣ ፋይል። እኔ ደምፑን የማነሳው ጄዲኬ (የጃቫ መሥሪያ ጥቅል) ውስጥ ባለው ጄሲኤምዲ በሚባል ትዕዛዝ ነው። ጄሲኤምዲ ካልከለከላችሁት በቀር ቅድሚያ ጋርቤጅ ኮሌክሽን (ማንም ያልያዘውን ኦብጀክት የሚጠርግ ጽዳት) ያስኬዳል። ይህ ለእኛ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደምፑ ውስጥ አሮጌ ክላስሎደር ከተገኘ የያዘው ነገር አለ ማለት ነው። ደምፑ እየተነሳ ሳለ አፕሊኬሽኑ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ሰዓት ምረጡ።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ደምፕ ፋይል ውስጥ ሂፕ ላይ የነበረው ሁሉ አለ፤ የዳታቤዝ ፓስወርድ፣ የደንበኛ ስልክ፣ የሰው ስም። ማት ላይ ተከፍቶ እንደ ጽሑፍ ይነበባል። በቴሌግራም «እስቲ ይህን እይልኝ» ተብሎ የሚላክ ፋይል አይደለም።

የእኔ ላፕቶፕ 8 ጊጋ ራም ነው ያለው። ማት ሲመጣ ለራሱ የሚይዘው ሜሞሪ ትንሽ ስለሆነ ትልቅ ደምፕ ስትሰጡት ያቅተዋል። ሜሞሪ አናላይዘር ነጥብ አይኤንአይ የሚለውን ፋይል ከፍታችሁ ኤክስኤምኤክስ የሚለውን ቁጥር ከፍ አድርጉት። የመጀመሪያው አከፋፈት ቡና አፍልቶ የሚያስጠጣ ነው። ግን ኢንዴክሱን ደምፑ አጠገብ ስለሚያስቀምጥ ሁለተኛ ጊዜ ወዲያው ይከፈታል። ላፕቶፓችሁ ጨርሶ ካልቻለ ፓርስ ሂፕ ደምፕ የሚባለውን ስክሪፕት ጠንከር ያለ ማሽን ላይ ማስኬድ ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ማት ሲከፈት «ሊክ ሰስፔክትስ» የሚል ሪፖርት ያቀርብላችኋል። ለዚህ ችግር በእሱ አትመሩ። ሪፖርቱ የሚፈልገው ሂፕ ላይ ብዙ ቦታ የያዘ ኦብጀክት ነው። የክላሶቹ ዋና ሸክም ያለው ግን ሜታስፔስ ላይ ነው፤ ሜታስፔስ ደግሞ ሂፕ ደምፕ ውስጥ የለም። ስለዚህ ያፈሰሰው ክላስሎደር እዚህ ትንሽ መስሎ ይታያል። የእኛ ደምፕ ላይ ሪፖርቱ የጠቆመው ምንም ችግር የሌለበትን ካሽ (ለፍጥነት የተቀመጠ ዳታ) ነበር።

ትክክለኛው በር «ጃቫ ቤዚክስ» በሚለው ሜኑ ሥር ያለው «ዱፕሊኬት ክላሰስ» ነው። ከአንድ በላይ ክላስሎደር የጫናቸውን ክላሶች ይዘረዝራል። ሁለት አፕሊኬሽን አንድ ላይብረሪ ቢጠቀሙ ላይብረሪው እዚያ መታየቱ ጤነኛ ነው፤ የራሳችሁን ፓኬጅ ፈልጉ። የእኛን ሳየው እያንዳንዱ ክላስ በየሬዲፕሎዩ ቁጥር ተደርድሮ ነበር። ያን ጊዜ ነው ዓይኔ የበራው። አንዱን ክላስሎደር ስትነኩት በግራ በኩል ያለው ኢንስፔክተር «ስቴት» የሚለውን ፊልድ ያሳያል። «ስታርትድ» የሚለው በሥራ ላይ ያለው ነው። «ዴስትሮይድ» እያለ እዚያ የተቀመጠ ካለ የምትፈልጉት እሱ ነው።

እሱ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና «ፓዝ ቱ ጂሲ ሩትስ» በሉት፤ ኦብጀክቱን ማን እንደያዘው የሚያሳይ መስመር ነው። ከዚያ ዊክ፣ ሶፍትና ፋንተም ሪፈረንሶችን (ኦብጀክትን አጥብቀው የማይይዙትን) ሁሉ የሚያስወግደውን ምረጡ። ካላስወገዳችሁ የማይጠቅም ጋጋታ ይመጣባችኋል። ለእኛ የወጣው አጭር መስመር ነበር። አንድ ትሬድ (ከሌላው ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) አለ፣ «ኮንቴክስት ክላስሎደር» በሚለው ፊልዱ አሮጌውን ክላስሎደር ይዟል። የትሬዱ ስም «ፑል-3-ትሬድ-1» ነው። ይህ ስም ለማንም ምንም አይነግርም! ከትሬዱ ወደ ውስጥ ገባሁ፤ ከወርከሩ ወደ ኤግዚኪዩተሩ (ትሬዶቹን ወደሚያስተዳድረው)፣ ከኤግዚኪዩተሩ ወደ ሥራ ወረፋው። ወረፋው ውስጥ አንድ ተራውን የሚጠብቅ ሥራ ተቀምጧል። የክላሱን ስም ሳነብ ሌሊት ሌሊት ሪፖርት የሚያዘጋጀው የእኛው ኮድ ነው። አፕሊኬሽኑ ሲወገድ ኤግዚኪዩተሩን የሚዘጋው ማንም አልነበረም። አፕሊኬሽኑ ሲጀምርና ሲያበቃ በሚጠራው ሰርቭሌት ኮንቴክስት ሊስነር ላይ «ኮንቴክስት ዴስትሮይድ» ውስጥ «ሻትዳውን ናው» የሚለው የመዝጊያ ትዕዛዝ ገባ፤ ለትሬዶቹም ትርጉም ያለው ስም ተሰጣቸው። ቀጥሎ በተነሳው ደምፕ ላይ አሮጌው ክላስሎደር የለም።

ቶምካት ራሱ ይረዳል፤ ይህን አለመናገር ንፉግነት ነው። ያልቆመ ትሬድ ሲያይ ሎጉ ላይ ያስጠነቅቃል፤ ማኔጀር በሚባለው ገጹ ላይም «ፋይንድ ሊክስ» የሚል በተን አለ። ነገር ግን በተኑ የሚነግራችሁ የትኛው አፕሊኬሽን እንዳፈሰሰ ነው፤ ማን እንደያዘው የሚያሳየው ማት ነው። በተኑ ሙሉ ጋርቤጅ ኮሌክሽን ስለሚያስነሳም ሥራ ላይ ባለ ሰርቨር ተጠንቀቁ። ቪዥዋልቪኤም የሚባለው የጃቫ መከታተያም ነፃ ነው፤ ሜታስፔስ ሲወጣ በግራፍ ለማየት እሱን እመርጣለሁ። ከዚያ አልፎ የያዘውን ለማግኘት ግን ማትን የሚያህል ነፃ መሣሪያ አላየሁም።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ጠቃሚው ነገር ሜኑ ውስጥ ስለተቀበረ ነው፤ «ሪቴይንድ ሂፕ» (ኦብጀክቱ ቢለቀቅ ነፃ የሚወጣው ሜሞሪ) እና «ዶሚኔተር» (ሌሎችን ብቻውን የያዘ ኦብጀክት) የሚሉትን ሳያውቅ ለሚከፍተው ጀማሪ ስክሪኑ ያስፈራል። ግማሽ ቀን ስጡት፤ ይገባችኋል።

አሁን አዲስ ቨርዥን ከመልቀቃችን በፊት መሞከሪያው ሰርቨር ላይ ደጋግመን ሬዲፕሎይ እናደርጋለን። ከዚያ ደምፕ አንስተን ዱፕሊኬት ክላሰስን እንከፍታለን። የራሳችን ፓኬጅ እዚያ ከታየ ቨርዥኑ አይወጣም።