ሺህ ዋቱን ትቼ የገዛሁት

ከመገናኛ ፒያሳ ሚኒባስ በምነዳበት ዘመን ስለ ድምፅ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ብዙ ዋት። ከኋለኛው ወንበር ጀርባ ሁለት ትልልቅ ስፒከር ተክዬ ተሳፋሪው "ወራጅ አለ!" ሲል አይሰማኝም ነበር። ረዳቴ ትከሻዬን እየነካ ነበር የሚያስቆመኝ። ቨርጂንያ ድረስ ይዤው የመጣሁት ጆሮ እንግዲህ ያ ነው።

ካቻምና እኔና ባለቤቴ ያገለገለ አርቪ ገዛን። ለማያውቀው፣ አርቪ ቤት የተጫነበት መኪና ነው። አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ መታጠቢያ አለው። የኛው የ2013 ሞዴል ነው፤ ፎርድ ኢ-450 ላይ የተሠራ፣ ርዝመቱ 28 ጫማ። ሞተሩ ግሩም። ጎማው ደህና። ድምፁ ግን ጉድ ነው። ክራር ሲከፈትበት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በረዶ የሚወርድ ይመስላል።

ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ወጣት ነው፣ ምላሱ ቅቤ። የሺህ ዋት አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ)፣ ሁለት ባለ 12 ኢንች ቤዝ (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር) ከነሳጥኑ፣ ከነመግጠሚያው 1,900 ዶላር አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ እጄ ኪሴ ገብቶ ነበር። ያስጣለችኝ ባለቤቴ ናት። "ሳጥኑ የት ሊቀመጥ ነው?" አለች። ቦታው አንድ ብቻ ነው፤ የምግብ ጠረጴዛው ወንበር ሥር። እዚያ ደግሞ የእንጀራ ምጣዳችን አለ። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ቤት ገብቼ ረጋ ብዬ ሳየው አንድ ነገር ገባኝ። አርቪ ውስጥ ያሉት ሁለት ቴፖች ናቸው። አንዱ ጋቢና ያለው ነው፤ በሞተሩ ባትሪ ይሠራል፣ የምትሰማው እየነዳህ ነው። ሌላው ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ያለው ነው፤ በቤቱ ባትሪ ይሠራል፣ የምትሰማው ቆመህ ነው። የኛው የግድግዳው ቴፕ ሦስት መስመር አለው፤ ሳሎን፣ መኝታ፣ ውጪ። እኔ ደግሞ ልቤ የነበረው ጋቢናው ላይ ነበር፣ የሹፌር ነገር። ግን ቆጥሬ ሳየው፣ ቅዳሜና እሁድ ስንወጣ ሦስት ሰዓት እነዳለሁ፣ ከዚያ አንድ ቀን ተኩል ቆመን ነው የምናሳልፈው። ስለዚህ ገንዘቡ ወደ ሳሎኑ ዞረ።

መጀመሪያ የጣሪያውን ስፒከሮች በካቻቢቴ ፈታሁ። ከፋብሪካ የመጡት ወረቀት ናቸው፤ በሙቀትና በእርጥበት ጠርዛቸው ተሸብሽቧል። ማግኔታቸው ከሲኒ ማስቀመጫ አይበልጥም። በነሱ ፋንታ ፖልክ የተባለው ኩባንያ የሚሠራውን ባለ 6.5 ኢንች ስፒከር፣ ዲቢ 652 የሚሉትን፣ አራት ገዛሁ። ሁለቱ ለሳሎን፣ ሁለቱ ለውጪ። ለጀልባም የሚሆን ነው፤ ውሃ አይፈራም። አርቪ ውስጥ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ጣሪያው ያልባል፣ በተለይ ስድስት ሰው ካደረበት።

እዚህ ላይ ስለ ዋት ትንሽ ላውራ፣ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው። የዚህ ስፒከር ካርቶን 300 ዋት ይላል። ያ ለቅጽበት የሚችለው ነው። ሳይታክት የሚሸከመው፣ አር ኤም ኤስ የሚሉት፣ 100 ነው። ቴፖቹ ላይም እንደዚያው ነው። "50 ዋት በአራት" የተጻፈበት ቴፕ በአንድ መስመር በእውነት የሚሰጠው 20 ዋት ገደማ ነው። እና ለአንዲት ጠባብ ሳሎን 20 ዋት በቂ ነው! ሚኒባሱን የሚነዳው የድሮው እኔ ይህን ቢሰማ ይስቅብኝ ነበር።

ሌላው ኦም ነው፤ ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚገታ የሚለካበት። የአርቪ ጣሪያ ስፒከር አንዳንዱ 8 ኦም ነው፣ አንዳንዱ 4። ቴስተር ይዛችሁ ለኩት። 4 የሆነው 3 ከምናምን ያሳያል፣ 8 የሆነው ወደ 6 ወይም 7። ለ8 ኦም በተሠራ ቴፕ ላይ በ4 ኦም ብትቀይሩ ድምፁ ይጨምራል፣ ቴፑ ግን ይግላል። የኛው ላይ የነበሩት እንደ አዲሶቹ 4 ስለሆኑ ተገላገልኩ። የጉድጓዱንም ጥልቀት አትርሱ፤ የአርቪ ጣሪያ ስስ ነው፣ ወፍራም ማግኔት አይገባበትም።

ከዚያ ቤዙ። የገዛሁት ኪከር የተባለው ኩባንያ የሚሠራውን፣ ሃይድአዌይ የሚሉትን ነው፣ ባለ 8 ኢንቹን። አምፕሊፋየሩ አብሮት ተሠርቷል፣ 150 ዋት፣ ያውም እውነተኛው። ውፍረቱ ከአራት ጣት ብዙም አይበልጥም። ወንበሩ ሥር ከምጣዱ ጎን ሸጎጥኩት፤ ምጣዱም አልተነካ፣ ትዳርም አልተነካ። ድምፁን ከስፒከር ሽቦ ላይ ቀጥታ ስለሚቀበል ሌላ ዕቃ አላስፈለገኝም። 250 ዶላር ገደማ ነው የወጣብኝ፤ ካወጣሁት ሁሉ ያልቆጨኝ ይህ ነው። ባለ 8 ኢንች መሆኑን ግን እወቁ። ደረት የሚመታ ነገር ከፈለጋችሁ ትልቅ ሳጥን ነው መፍትሔው፣ ምጣዱም ይወርዳል።

ለውጡን የሰማሁት በቤዙ ሳይሆን በማሲንቆ ነው። ማሲንቆ እኮ ገመዱም የፈረስ ጭራ ነው፣ መምቻውም የፈረስ ጭራ። በድሮው ስፒከር ሲሰማ የንብ ድምፅ ነበር። አሁን ጭራ በጭራ ላይ ሲፋተግ፣ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ ይሰማኛል። የድሮ የሸክላ ዘፈኖችን ግን አንድም ዕቃ አያድናቸውም። ሲቀረጹ ቤዙ ያልገባበትን ከየት ይምጣ? እነሱን በቀጭኑ መውደድ ነው።

ባትሪውስ? የኛ ቤት ሁለት ባለ 100 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ አለው። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል፤ ስለዚህ በእጃችን ያለው 100 ነው፣ ማለትም አንድ አምፔር ለ100 ሰዓት። ማሞቂያው ሲነሳ ፋኑ ብቻ 7 ወይም 8 አምፔር ይበላል። በወሬ መካከል የሚሰማ ሙዚቃ ግን አንድ ሁለት አምፔር ነው፣ ቤዙ ሲጨመር ትንሽ ከፍ ይላል። ያ የሺህ ዋቱ አምፕ እውነተኛ 500 እንኳ ቢሰጥ፣ ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ 50 አምፔር ይስባል። ሌሊት ማሞቂያው ጠፍቶ ከልጆቼ ጋር ስንቀጠቀጥ ታየኝ።

የጋቢናውን በአጭሩ ልለፈው። ቴፑን ስልክ በሚያገናኝ ቀየርኩት፣ ለካርታው ስል። የበር ስፒከር ስገዛ ተሸወድኩ፤ ክብ ገዝቼ ሄድኩ፣ የፎርዱ ቀዳዳ ሞላላ ሆኖ ተገኘ፣ 6 በ8። መለስኩና ሞላላውን አመጣሁ። ከገጠምኩ በኋላ ደግሞ ነዳጅ በሰጠሁ ቁጥር "ዊይይይ" የሚል ድምፅ መጣ። ከዲናሞው ነው። ኔጌቲቩን ያሰርኩት ቀለም የተቀባ ብረት ላይ ነበር። ቀለሙን በሸካራ ወረቀት ፍቄ ደግሜ ሳስረው ጠፋ።

ሥራው ሁሉ እንዳለቀ ወደ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ወጣን፣ ቢግ ሜዶውስ የተባለው ማደሪያ። ስካይላይን ድራይቭ በሚሉት የፓርኩ መንገድ ላይ የሜሪስ ሮክ ዋሻ አለ፤ ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። የኛ መኪና ከነኤሲው ከ11 ተኩል አይበልጥም። ባለቤቴ ይህን ታውቃለች፣ ግን ስናልፍ ሁልጊዜ አንገቷን ትቀብራለች። ለጥየቃ የመጣችው እናቴም አብራን ነበረች፤ እሷም ባለቤቴን አይታ ቀበረች።

ደርሰን ቆምን። ቤዙን ልፈትን ብዬ የጉራጌ ጭፈራ ከፈትኩ። ከበሮው ሲመታ "ዝርርር" የሚል ነገር ተከተለው። በያንዳንዱ ምት። ስፒከሩ ተቀደደ አልኩ። ወንበር ላይ ወጥቼ የጣሪያውን ስፒከር ብሎኖች አጠበቅኩ። አሁንም ዝርርር። አወረድኩት፣ ከሥሩ ስፖንጅ አደረግኩ፣ መለስኩት። ዝርርር። ቤዙን ከወንበሩ ሥር አወጣሁ፣ ምጣዱንም አወጣሁ፣ ሽቦውን ፈታሁ። ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ ለእግር ጉዞ ሄደች፣ ብልህ ሴት ናት። እናቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ ስታየኝ ቆየች። በኋላ ብድግ አለች፣ ከምድጃው በላይ ያለውን ቁምሣጥን ከፈተች፣ እጇን ዘርግታ አንድ ነገር ላይ አሳረፈች። ዝም አለ።

"አንተ ልጅ፣ የሚጮኸው እኮ ሲኒው ነው።"

አሥራ ሁለት ሲኒ፣ ጎን ለጎን ረከቦት ላይ፣ ከበሮው በመታ ቁጥር እርስ በርስ ሲንጫጩ። እሷ ገና ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር። "ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" ብላት "ሥራ ይዘሃል ብዬ" አለች።

ሲኒዎቹን በፎጣ ጠቀለልናቸው። ከዚያ ወዲህ ጆሮዬ ተከፈተ። አርቪ ውስጥ የማይዘፍን ነገር የለም። የምድጃው ፍርግርግ ይዘፍናል፣ የመስኮቱ መጋረጃ ዘንግ ይዘፍናል፣ የመታጠቢያው በር መቀርቀሪያ ይዘፍናል። 8 ዶላር የማይሞላ የሚለጠፍ ስፖንጅ ገዝቼ ሁሉንም አስታገስኳቸው። አዲስ ስፒከር ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አድርጉ፤ አንዳንዱ ሰው ከዚያ በኋላ ስፒከር ላያስፈልገው ይችላል።

የውጪዎቹ ሁለት ስፒከሮችስ? ገንዘቤን በሉት። ድምፁ ጥሩ ነው፣ ግን የሚሄደው ወደ ጎረቤት ነው። ማደሪያዎቹ ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ጸጥታ ይፈልጋሉ፣ ልክም ናቸው። ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ የብሉቱዝ ስፒከር ወደ ራሳችን አዙረን ሥራውን ትጨርሳለች። እነዚያን የምከፍታቸው በዓመት አንዴ ነው፤ ለጁላይ 4 ሰሞን፣ ለኢትዮጵያውያኑ የእግር ኳስ ውድድር ስንሄድ። እዚያ ማንም "ቀንስ" አይልህም። እንዲያውም ባለሺህ ዋቱ ሰው ከጎንህ ይቆምና የአንተን ጭራሽ ይውጠዋል።

የመኝታ ክፍሉን ሁለቱን የወረቀት ስፒከሮች ግን አልቀየርኩም። አዲሶቹን ገዝቼ ላውርዳቸው ስል እናቴ አየችኝ። ጠዋት መዝሙሯን የምትሰማው በነሱ ነው። አዲሱን ቤዝ አንድ ቀን አሰምቻት "ልጄ፣ ሆዴ ውስጥ ገባ" ብላ ነበር። "እነዚህን አትንካብኝ" አለች። ካርቶኑን ወደ ሱቅ መለስኩ።