የሴይልፊሽ ማስታወሻ፦ ባጅ ወይስ ፖስታ?

እ.ኤ.አ. በ1939 «ስኳለስ» እየተባለ ሰጥሞ 26 ሰዎች የሞቱበት የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ፣ ከባሕር ወጥቶ «ሴይልፊሽ» ተባለ። በ1943 ደግሞ ቹዮ የተባለችውን የጃፓን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ አሰጠመ። የዚያን ዘመን ቅርስ የሚሰበስብ ሰው የመርከበኞቹን ባጅ ይግዛ ወይስ ከመርከቡ የተላከ የደብዳቤ ፖስታ?

ባጁ፦ የተሳካ ዘመቻ ለፈጸሙ የሰርጓጅ መርከበኞች የተሰጠ ምልክት ነው፤ ከሥሩ ያሉት ትናንሽ ኮከቦች ተጨማሪ የተሳኩ ዘመቻዎችን ይቆጥራሉ። ያምራል፣ በቀላሉ አይበላሽም። ችግሩ የመርከቡ ስም የለበትም፤ ሰነድ ከሌለው የሻጩን ወሬ ነው የምትገዙት። አስመስሎ የተሠራም አለ።

ፖስታው፦ እርጥበትና ፀሐይ ጠላቶቹ ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የፖስታ ማኅተሙ ላይ የመርከብ ስም ይገኝ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ግን ለምስጢር ሲባል ስሙ ከማኅተሙ ወጣ፤ ስለዚህ የላኪውን አድራሻና የሳንሱሩን (የደብዳቤ መርማሪውን) ማኅተም እዩ።

ለመስታወት ሳጥን ባጁ፤ የአንዱን መርከብ ታሪክ ለሚከተል፣ በእኔ ግምት፣ ፖስታው።